የመርሳው ሐውልት አጥር

ከተማ አስተዳደሩ መርሳ መሃል፣ ለእኩልነት ሲታገሉ ለተገደሉ ሰዎች ለቆመው ሐውልት ማሻሻያ በጀት ያዘ። በእኛ አገር ማሻሻል ማጠር ነውና የብረት አጥር ታሰበ። የነዋሪዎች ውይይቱ እዚያው ሐውልቱ ሥር ነበር፤ ሙቀቱና የማንጎው ጥላ ሁላችንንም አፍዞናል። የአንዱ ሟች እህት፣ አሮጊቷ፣ እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል።

"እናቴ፣ አጥሩ ለክብራቸው ነው" አላቸው አጥሩን የነደፈው መሐንዲስ።

"እኔስ በየት ገብቼ ልቀመጥ?"

"ከውጭ ሆነው ያዩታል።"

"ወንድሜን እስር ቤት ሳለም ከውጭ ነበር የማየው።"

አጥሩን ለመቃወም ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ኪሴ ውስጥ ቀረ። ሰብሳቢው የአጥሩን ንድፍ አጠፈና፣ "አጥሩ ይቅር፤ በገንዘቡ ደረጃው ለመቀመጫ ይስፋ" አለ።

አሮጊቷ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ሰው ገና አሁን የተነሣበት መደብ ይመስል ይሞቅ ነበር።