ነስሩና ቀዩ ክር

ነስሩ ሞተ አሉኝ። እኔ ግን እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው ሳምንት እኮ ደውሎ ሲጮህብኝ ነበር! መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነስሩ እንዴት ይሞታል? ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ሴት ልጁ ጋ መልሼ ደወልኩ። "እውነት ነው ጋሽ ታደሰ" አለችኝና ማልቀስ ጀመረች።

ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። ሻይ ቀዳሁ፣ አልጠጣሁትም። ጫማዬን አደረግኩ፣ አወለቅኩ። ቀብሩ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ነው። እስከዚያ እጄን የማደርግበት ስላጣሁ ነው እዚህ የምጽፈው። ወዳጆቼ፣ ታገሱኝ።

ለማታውቁት፣ ነስሩ የኮልፌ ልጅ ነው። አባቱ ገበያው ውስጥ ጨርቅና ክር ይሸጡ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ፣ እኔና እሱ ጎረምሶች ሳለን፣ ወፍ ማየት የምንወድ ጥቂት ሰዎች ነበርን። አዎ፣ ወፍ። ሰፈሩ "ወፈፌዎቹ" ይለን ነበር፤ ትንሽ ሳይኖርብን አልቀረም።

ያኔ ከኮልፌ ወደ አየር ጤና ሲኬድ ሜዳና ረግረግ ነበር። ዛሬ ጋራዥና ሱቅ የተደረደረበት ሁሉ ሣር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እዚያ እንውላለን፤ እሁድ እሁድ ሻይ ቤት ተሰብስበን ማን ምን እንዳየ እናወራለን። አለቃችን ጋሽ ወንድሙ የሚባሉ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ "አንድ ሰው ያየው ወሬ ነው፤ ሁለት ሰው ያየው ወፍ ነው።" ብቻህን ያየኸው አይቆጠርልህም።

የመስቀል ወፍ መስከረም ላይ ጥቁርና ቢጫ ሆና ታሸበርቃለች። ከዚያ ትጠፋለች። ወዴት ትሄዳለች? ጋሽ ወንድሙ "ቆላ ትወርዳለች" ይሉ ነበር። ነስሩ ግን "የትም አትሄድም፤ ያቺ በበጋ የምንንቃት ቡናማ ድንቢጥ ራሷ ናት" ብሎ ድርቅ አለ። ተሳቀበት። ነስሩ ደግሞ ሲሳቅበት አይወድም።

በበጋው ወንፊት በእንጨት ደግፈን፣ ጤፍ በትነን፣ ገመድ እየሳብን ቡናማዎቹን ያዝን። ነስሩ ከአባቱ ሱቅ ባመጣው ቀይ ክር እግራቸውን እያሰረ ለቀቃቸው። መስከረም ላይ ቀይ ክር ያሰረች ቢጫ ወፍ ከታየች እሱ ረታ፤ ካልታየች የሻይ ቤቱ መሳቂያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

መስከረም ጠባ። ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሣር ላይ በሆዳችን ተኝተን የወፍ እግር ስንፈልግ ከረምን። ሰው ላባ ያያል፣ እኛ እግር! አንድ ቀን ራበንና ዳቦ ልገዛ ፌርማታው ጋ ሄድኩ። ስመለስ ከሩቅ አየሁት፤ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ድርቅ ብሏል። ቢጠራኝ ወፏ ትበራለች፤ ስለዚህ አይጠራኝም። ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ና፣ ና እያለ። ትንፋሼን ውጬ ቀስ እያልኩ ተጠጋሁ። ልደርስ ስል ከሣሩ ውስጥ ብር ብላ ሄደች።

"እግሯን አየኸው?" አለኝ።

"አላየሁም። ግን አምኜሃለሁ።"

"እመነኝ አላልኩህም። እይ ነው ያልኩህ።"

እሁድ ሻይ ቤት ነስሩ ቀይ ክር ያሰረች ቢጫ ወፍ ማየቱን ተናገረ። ጋሽ ወንድሙ "ከማን ጋር ሆነህ?" አሉት። እኔ "ከኔ ጋር ነው፣ እኔም አይቻለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። ነስሩ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ። እንዴት አድርጎ እንደረገጠኝ!

"ብቻዬን ነበርኩ" አለ።

"እንግዲያ ለከርሞ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ወንድሙ። ሁሉም ሳቀ። የነስሩ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። አንዲት ቃል ነበረች የምታድነው፤ እኔም ልሰጠው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልፈለጋትም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። እወደው ነበር፣ በቃ።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ሜዳ ላይ መተኛት ቀልድ መሆኑ ቀረ፣ ሰላይ ያስብል ነበር፤ እኛም ተበታተንን። ጋሽ ወንድሙም አረፉ። ነስሩ ግን በየበጋው ክር ማሰሩን አልተወም። በቅርቡ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ ስለ መስቀል ወፍ አንብባ "አባባ፣ እውነት ነው፣ አትሄድም፤ ላባ ነው የምትቀይረው። ያውም ወንዱ ብቻ!" አለችኝ። ስንቷን ሴት ወፍ በከንቱ ክር እንዳሰርን አስቡት! ወዲያው ነስሩ ጋ ደወልኩ።

"እና አንተ አየህ?" አለኝ።

"ኧረ አላየሁም፤ ተጽፎ ነው።"

"ታዲያ ምን ያስደውልሃል?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ዘንድሮም በጋ ላይ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ግቢው ውስጥ፣ የዘንድሮዎቹ እንዲለዩ በቀይ ፈንታ ሰማያዊ ክር እያሰረ ቡናማዎቹን ለቀቀ። ባለፈው ሳምንት የጮኸብኝም ለዚሁ ነው። "ቢጫ ማውጣት ጀምረዋል፣ አንተ ተኝተሃል! ና እንጂ!" ለቅዳሜ ተቀጣጥረን ነበር።

ነስሩ፣ ወንድሜ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። አሁን ተነስቼ ልሸኝህ መምጣቴ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ግቢህ እገባለሁ፤ ልጅህን አስፈቅጃለሁ። ይሄ ያረጀ ወገቤ እሺ ካለኝ ሣሩ ላይ እተኛና እግር እግራቸውን አያለሁ። አንተ ስለሌለህ ብዬ አልቀርም።

ግን ሰማያዊ ክር ያሰረችውን ባያትስ፣ ነስሩ? የምሥራች የምለው ለማን ነው?