አባባ ይሙት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ የዋሸሁትን፣ ሰው ያስቀየምኩትን፣ ከደንበኛ ጨርቅ የቀነስኩትን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ሳትሰማው ሞተች። ልጄ ሰናይትም አታውቀውም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱብኝ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ሾላ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ፤ ቤታችንም ከዚያው ዝቅ ብሎ ነበር። ሁለት ልጆች ወለድን፤ ትልቋ ሰናይት፣ ታናሹ ብሩክ። ብሩክ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ሲጠሩት አይዞርም፣ ሰው ዓይን አያይም፣ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይወዛወዛል። ዛሬ ኦቲዝም ይሉታል፤ እኛ ቃሉን ከሐኪም የሰማነው ብሩክ ራሱ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው። ሰፈሩ ግን ስም አያጣም። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው በሕፃንነቱ ጋኔን ለክፎት ነው ይላል።

ሱቅ ውስጥ ግን ሌላ ልጅ ነበር። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ መሬት ቁጭ ብሎ ትልቁ መዘውር ሲዞር ያያል። ሲዞር ፊቱ ይበራል። ጨርቅ ላስተካክል ብዬ ያቆምኩ እንደሆነ "ዙር" ይላል። እኔን አይደለም፣ መዘውሩን ነው። እኔም ስለሱ ስል የሚሰፋ ሳይኖር ባዶውን እረግጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለበዓል ተብሎ አብዮት አደባባይ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ የልጆች መጫወቻ ተተከለ። ከውጭ አገር የመጣ ነው አሉ። የሚወነጨፍ ወንበር አለው፣ የእንጨት ፈረስ አለው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ተሸክሞ የሚዞር፣ ከፎቅ የሚበልጥ መዘውር ነበረው። ክር ልገዛ ወደ መርካቶ ስሄድ ከአውቶቡስ መስኮት አየሁት። ወዲያው "ይህን ብሩክ ቢያይ!" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ፤ ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል የተናገርኩት።

ሌላ ልጅ ቢሆን እጁን ይዞ መሄድ ነው። ብሩክን ይዞ መሄድ ግን ዘመቻ ነው። ማለማመድ ጀመርን። መጀመሪያ አውቶቡስ መጥቶ ሲያልፍ ቆመን ማየት ብቻ። ከዚያ ወጥቶ መውረድ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ፌርማታ። የመጫወቻው ሜዳ የድምፅ ማጉያ ጩኸት እንዳይረብሸው ለጆሮው የሚሆን ጥጥ አድበለበልኩ። ሸሚዝም ሰፋሁለት። የስፌት ጠርዝ ገላውን ስለሚበላው፣ ጠርዙን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣሁት።

ሰናይት አይታ ሳቀች። "አባባ፣ ገልብጠህ ሰፋኸው እኮ!"

"ገልብጠን የምንለብሰው እኛ ነን" አልኳት።

ቀጥሎ የሚመጣውን ካላወቀ ይጨነቃል። ስለዚህ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ረጅም ጥብጣብ ሠራሁ። ቀዩ አውቶቡስ ነው፣ ቡኒው በእግር መሄድ፣ ቢጫው መዘውሩ፣ ሰማያዊው ወደ ቤት መመለስ። በጣቱ እየነካ ይሄድና ቢጫው ላይ ሲደርስ "ዙር" ይላል። ያን ሰሞን እንደኔ የተደሰተ አባት አልነበረም።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሆነን ቢጫዋን ይዞ "መቼ?" አለኝ። ብሩክ "መቼ" ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር። እንባዬ መጣ።

"እሁድ" አልኩት።

"እሁድ?"

"እሁድ። አባባ ይሙት እወስድሃለሁ!"

ይህችን መሐላ እናንተም ታውቋታላችሁ። እናቴ ትሙት እንላለን፣ እኔ ልሙት እንላለን፤ እንግዳ አንዲት ጉርሻ እንዲጨምር እንኳ በሞታችን እንለምናለን። ማነው ከልቡ ሞትን የሚያስብ? ብሩክ ግን ቃልን እንደተነገረው ነው የሚወስደው። እናቱ አንድ ቀን ተናዳ "ጆሮህን እቆርጠዋለሁ" ብትለው መቀሴን ወስዶ ደብቆ ስንት ጊዜ ሥራ አስፈትቶኛል። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ማልኩ።

ፊቴን ትክ ብሎ አየና "ካልሄድን አባባ ይሞታል" አለ።

ሳቅሁ። "አዎ፤ ካልሄድን አባባ ይሞታል" አልኩት።

እሁድ ጠዋት ተዘጋጅተን በር ላይ ቆምን፤ ሰናይት በአዲስ ቀሚሷ፣ ብሩክ በሸሚዙ፣ ጥጡ ጆሮው ውስጥ፣ ጥብጣቡ አንገቱ ላይ። ልንነሳ ስንል አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ደንበኛዬ እትዬ ሂሩት ናቸው፤ የባለሥልጣን ሚስት፣ ቦሌ ትልቅ ግቢ ያላቸው ሴት። ለበዓሉ ያሰፉትን ቀሚስ ሊወስዱ ነበር የመጡት። ልጆቻቸው ከኋላ ተቀምጠዋል።

"የት ነው እንዲህ አምራችሁ፣ ታደሰ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"እኛም እኮ ወደዚያው ነን! ግቡ፣ ግቡ፣ አብረን እንሂድ።"

ያኔ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እኛ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው" ማለት ነበረብኝ። ጥብጣቡ ላይ መኪና የለም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ጎረቤት ቆሞ ያየኛል። የብሩክን እጅ ስስብ አልንቀሳቀስ አለ። ቀዩን ጨርቅ ጨብጦ "ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ" እያለ ይወዛወዝ ጀመር። ከመኪናው አንዱ ልጅ "እማዬ፣ እይው! ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል!" ብሎ ጮኸ። የቀሩትም ሳቁ።

እትዬ ሂሩት ልጆቻቸውን ገሰጹና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሱም ይመጣል እንዴ?" አሉኝ።

"የለም እትዬ" አልኩ። "እሱ አይመጣም።"

በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ይፈራ ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። ሐሰት ነው። ሴትዮዋ ደግ ነበሩ፤ "አዎ፣ ይመጣል" ብላቸው ልጆቻቸውን አጠጋግተው ቦታ ይሰጡት ነበር። የጠየቁኝ ጥያቄ ብቻ ነው። ያፈርኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ በሰፋሁት ሸሚዝ አፈርኩ።

እጁን ይዤ ለእናቱ ሰጠኋት። "ነገ እኔና እሱ ብቻችንን እንሄዳለን" አልኩና ከሰናይት ጋር መኪናው ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሲነሳ ብሩክ ከእናቱ እጅ አምልጦ ከኋላችን ሮጠ። በሕይወቱ ያን ያህል ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

"አባባ ይሙት! አባባ ይሙት!"

እትዬ ሂሩት አማተቡ። "በስመ አብ! አባቱን ይረግማል?"

እርግማን አልነበረም። የገዛ መሐላዬን ነበር የሚያስታውሰኝ። "ምለሃል፤ ትተኸኝ ከሄድክ ትሞታለህ፤ ተመለስ" ማለቱ ነበር። ልጄ ሊያድነኝ ነበር የሚሮጠው። እኔ ምን አልኩ? "ልጅ ነው እትዬ፣ የሚለውን አያውቅም" አልኩ።

መዘውሩ ላይም ወጣሁ። ይህንም አልደብቅም። ከሰናይት ጋር ላይ ወጥተን ከተማውን አየን፤ ደስ አለኝ፤ ሳቅሁ።

ስንመለስ ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። እማማ ደስታ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤታችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አፉን የፈታው አባቱን ሊረግም ነው? ይህማ ልጁ አይደለም፤ ያደረበት ነው የሚናገረው" ይላሉ። ብሩክ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ ብሏል። ወርቅነሽ ዓይኗ አብጦ "ምን በደልነው? ለምንድነው አንተን የሚረግምህ?" አለችኝ።

ያኔ "እርግማን አይደለም፤ የኔ መሐላ ነው" ብል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ግን መሐላውን ከተናገርኩ መተዌንም መናገሬ ነው፤ መተዌን ከተናገርኩ ማፈሬንም መናገሬ ነው። ስለዚህ "እንጃ" አልኳት። "እንጃ፣ ወርቄ።"

በዚያች "እንጃ" ልጄን ለጋኔን ሰጠሁት። እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ጠበል ወሰድነው፤ ወደ ጎሮ፣ ያኔ ገጠር በነበረበት ጊዜ። ብሩክ ራሱ ላይ ውኃ ሲፈስበት አይችልም፤ ስናጥበው እንኳ በጨርቅ እየነካካን ነበር። እዚያ ግን በብርዱ ያንን ሁሉ ውኃ አፈሰሱበት። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጥማቂው "አባቱን ለምን ትረግማለህ? ተናገር!" ሲሉ ልጄ እየተንቀጠቀጠ "አባባ ይሙት... ዙር..." አለ። ሕዝቡ "ይኸው ለፈለፈ!" ብሎ እልል አለ። አጥማቂውን አልከስም፤ እኛ የነገርናቸውን ነው የያዙት። ጠበሉንም አልከስም። እኔ ነኝ እያወቅሁ የያዝኩት። ክረምቱን ሙሉ እየተመላለስን፣ እያወቅሁ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ብሩክ መናገር ተወ። ሱቅ መጥቶ መዘውሩን ማየትም ተወ። "ነገ" እንዳልኩት ሳልወስደው መጫወቻውም ተነቅሎ ሄደ። በምትኩ አንድ ነገር ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ አጠገብ ይመጣና መዳፉን አፍንጫዬ ሥር ያደርጋል። ትንፋሼ ሲነካው ዞሮ ይሄዳል።

ወርቅነሽ እያየች "አየህ፣ ወደደህ፤ ጠበሉ ረድቶታል" ትል ነበር። እኔም "ይመስገነው" እላት ነበር።

አሁን የምንኖረው ጎሮ ነው፣ ሰናይት ቤት። ወደ ጠበሉ እየጎተትኩት የሄድኩበት ጭቃ አስፋልት ሆኗል። ሰናይት አንድ ጊዜ ቦሌ አንድ መዝናኛ ቦታ ወሰደችን፤ ከያኔው የሚበልጥ፣ መብራት የሞላው መዘውር አለው። የብሩክ ሸሚዝ ጠርዙ ወደ ውጭ ነው፤ እስከዛሬ የምሰፋለት እኔ ነኝ። "ያው፣ ብሩኬ፣ እየዞረ ነው" አልኩት። ጀርባውን ለመዘውሩ ሰጥቶ ቆመና በሰው መሀል መዳፉን አፍንጫዬ ሥር አደረገ።

መሐላው ከንቱ ቃል ነበር ብዬ ነግሬዋለሁ። ግን እኔ ነኝ የማልኩለት፤ የትኛውን ቃሌን ይመን?

ዘንድሮ ደረቴ አልበጀኝም። አንድ ጠዋት ያ መዳፍ ትንፋሽ ያጣል። ያን ቀን ልጄ የመሐላው ቀን ደረሰ ይላል። ሰናይትም ይህን አንብባ እስክትረዳው ድረስ እሱ ብቻውን ነው።

ስለዚህ ለኔ ምሕረት አትለምኑልኝ፤ የሚገባኝን እዚያው አገኘዋለሁ። ለሱ ግን በግልጽ ንገሩልኝ። እንደ ልማዳችን "አረፈ" አትበሉት፣ ሊቀሰቅሰኝ ይመጣል። "ሄደ" አትበሉት፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አንድ ጊዜ አስጠብቄዋለሁ፣ ይበቃል። "አባባ ሞተ" በሉት። "አርጅቶ ሞተ፤ ስላልሄዳችሁ አይደለም" በሉት። እሱ ቃልን እንደተነገረው ነው የሚወስደው።