ምሰሶ ያልሆነው ዋንዛ

ትናንት ከተበላ ከተማ ገበያ ስመለስ ምርኩዜ ተሰበረብኝና ወደ ተራራው ጎራ ብዬ ከዋንዛው ሥር የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አነሳሁ። የደን ጥበቃው ወጣት ተነስቶ መጣ።

«አባባ፣ ያስቀምጡት። የማኅበሩ ነው።»

አስቀመጥኩት። አልተናደድኩም።

ያ ዋንዛ የቆመው በእኔ ነው፤ የማያውቅ ካለ ይወቅ። ደርግ በወደቀ ሰሞን ገና ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የተማርኩት ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ጎርፍ ከየት እንደሚመጣ ግን ከባለሙያዎቹ በፊት አውቅም እናገርም ነበር።

በዘመቻ እየተነዳን የተከልነውን ደን ሰው ሁሉ «የመንግሥት» ይለው ነበር። መንግሥት ሄደ ሲባል ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። የበቆሎ ቂጣ የቋጠረም ነበር፣ ሠርግ ይመስል። የእርጥብ እንጨት ሽታ እስከ መንገዱ ይወርድ ነበር።

እኔ ደግሞ ጎጆ ልወጣ ነው። አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሽማግሌ ዋንዛውን በመጥረቢያቸው እጀታ መታ መታ አደረጉት።

«ምሰሶህ ይኸውልህ። ቁረጥ።»

«ይሄን የተከልኩት እኔ ነኝ። አይቆረጥም።»

«የመንግሥት ነው እንጂ። መንግሥት ደግሞ ሄዷል።»

«እኔ አልሄድኩም።»

«ጋዜጣው ነው ያበላሸው» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«እንግዲያው ልጄን ዛፍ ሥር ልታሳድራት ነው» ብለው ሌላ ግንድ ፍለጋ ሄዱ።

ጀርባዬን ለዋንዛው ሰጥቼ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ሰዉ እንጨቱን እየጎተተ ሲወርድ እዚያ የቀረነው ዋንዛውና እኔ ነበርን።

በዚያው ክረምት ጎርፍ ከተራራው ሥር ያለውን በቆሎ ጠረገው፤ የሽማግሌው ማሳም አብሮ ሄደ። «አላልኩም?» ልላቸው ሄጄ ከደጃቸው ተመለስኩ። ከመስቀል በኋላ ልጅቱን ምሰሶ ለቆረጠ ሰው ዳሯት። ሠርጉ ላይ ሥጋ በልቻለሁ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ የማስታውሰው የሥጋው ማባያ ዳጣ ያቃጥል እንደነበር ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ሲያቆጠቁጥ መንግሥት ደኑን ለገበሬው ማኅበር ሰጠ። ያኔ የቆረጡት ራሳቸው ዘብ ቆሙለት።

«ይሄ ዛፍ የማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት ትናንት ጥበቃውን።

«የሁላችን ነዋ።»

«ጥላውስ?»

«ጥላውማ አይከለከልም፤ ይቀመጡ አባባ።»

ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ። እንደዚያን ቀን ጀርባዬን ለዋንዛው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የሆነ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ከጀርባዬ ያለው ግንድ ብቻ ነበር።