የአባባ ቀፎ ያለበት ዛፍ

«የአባባ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የቱ ነበር?» አለችኝ እህቴ ሰዓዳ ዛሬ ጠዋት በቪዲዮ፣ ኢሉባቦር ጫካችን ውስጥ ቆማ።

እኔ እዚህ ሰው አገር፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ።

ጫካው ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ነው፤ ቀፎ ያለው ሁሉ ያውርድ ተብሏል። ለጉሬዛዎቹ ደስ ብሎኛል፤ ዛፉ እየተቆረጠ መድረሻ አጥተው ነበር።

«ከወንዙ ማዶ፣ ትልቁ ዋንዛ» አልኳት። ስልኩን ወደ ላይ አዞረችው። አባባ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ማንም ያልነካው ቀፎ፣ ከነንቡ አለ!

«ተዪው፣ አታውርጂው» አልኳት።

«ማሩን ማን ሊቆርጠው?»

«ማንም። የኛ የሆነ ነገር እዚያ ይቅር።»

ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «ዳዲ፣ እኛስ ፓርኩ ውስጥ መግባት እንችላለን?» አለች። አዎ፣ ትኬት ቆርጠን! የአባቴ ጫካ በትኬት!

እናንተስ፣ ያደጋችሁበት ጫካ አሁንም አለ? እስኪ ንገሩኝ፤ እኔ እንደሆንኩ መኪናውን ማስነሳት አቅቶኛል።