ከትራሳቸው ሥር የነበረችው ጠርሙስ

«ወላሂ፣ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም» አሉ አባቴ ዛሬ ጠዋት።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ መልሳቸውን መዘገበች። እኔ ግን ከትራሳቸው ሥር ብቅ ያለችውን ባዶ ጠርሙስ እያየሁ ነበር።

አባቴን ቆሽታቸውን ለዓመታት አሟቸዋል። አሁን ደግሞ ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ጠቧል። ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግላቸው ሐኪም ትናንት «ብዙ ደም ሊፈሳቸው ይችላል» ብሎ ሳይደብቅ ነግሮናል። እሱም ከሌላ ከተማ የመጣ ስለሆነ ወልድያ የሚቆየው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው።

ብናገር ቀዶ ሕክምናው ሊቀር ነው። ዝም ብል፣ ማደንዘዣ ላይ ሳሉ ቢያስመልሳቸውስ?

ተናገርኩ።

አባቴ አፈጠጡብኝ። «የመካ ዘምዘም እኮ ነው። ዘምዘምን ከውሃ ትቆጥረዋለህ?» (በእሳቸው ቤት ምንም አልዋሹም።)

ሐኪሙ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ እንጠብቃለን» አለ። ከቀትር በኋላ አስገቧቸው። ሲገቡም አላናገሩኝም።

ይህን የምጽፈው በሩ ፊት ቆሜ ነው። እስካሁን አንድም ሰው አልወጣም።

ያቺን ጠርሙስ ከሐጅ የተመለሱ ጎረቤታችን ሰጥተውኝ ከአገራችን ከመርሳ ይዣት የመጣሁት እኔ ነኝ። ከቀዶ ሕክምናው ሲወጡ ይጠጡታል ብዬ ትራሳቸው ሥር ያስቀመጥኳትም እኔው። «ማን ሰጠዎት?» ተብለው ሲጠየቁ ግን አባቴ ስሜን አልጠሩም።

እናንተም ለበሽተኛችሁ ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ እንዲህ ጉድ የሆናችሁበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። በሩ እስኪከፈት እያነበብኩ ልቆይ።