እስከ ዓርብ የቆየው ሸርጣን

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች ብዙ አይደለንም። መጀመሪያ እኔ አለሁ፤ ጆበርግ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለኝ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ለራሴ ያስተማርኩ ሰው። ባለቤቴ አለች። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችው ልጃችን አለች። የባለቤቴ አጎት አሉ፤ ወደዚህ አገር ያመጡኝ እሳቸው ናቸው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት የሚሰበሰበውን የጸሎት ኅብረት የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። በኅብረቱ ውስጥ ቀልድ የማያልቅበት አንድ ወንድም አለ። ዱርንፎንቴን መንገድ ዳር ከባሕር የመጣ ነገር የምትሸጥ አንዲት የሞዛምቢክ ሴትም አለች። በቃ፣ እነዚህ ነን።

ልጄ ለሳይንስ ትምህርት አንድ እንስሳ መርጣ፣ አንድ ሳምንት አይታ፣ ያየችውን መጻፍ ነበረባት። ማንግሮቭ ውስጥ የሚኖር ሸርጣን መረጠች። ማንግሮቭ ባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሲሸሽ አየር ላይ ይቀራል። ሸርጣኖቹ በሥሮቹ መካከል ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ በጉድጓዱ አየር ወደ ጭቃው ይገባል፣ ዛፉም በዚያ ይጠቀማል። ይህን ስልኳ ላይ አንብባ እራት ላይ አስረዳችን። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«ማም እምቢ አለች» አለችኝ፤ መምህርቷን ነው።

«ለምን?»

«ጆበርግ ባሕር የለም አለች። ከመስኮትሽ የምታዪውን ነገር ምረጪ አለችኝ።»

«ከእኛ መስኮት ምን ይታያል?» አልኳት።

«የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ።»

«እርግብ አለ አይደል እንዴ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ የክፍሉ ልጅ ግማሹ እርግብ ነው የመረጠው።»

መምህርቷ ክፉ ሰው ናት አልልም። ሥራዋን ለማቅለል የተናገረችው ይሆናል። እኔ ግን ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የድኻ ልጅ እጇን በዘረጋች ቁጥር «ቅርብ ያለውን ያዢ» የሚላት አይጠፋም፤ እየደጋገሙ ሲነግሯት በመጨረሻ ራሷ መዘርጋቷን ትተዋለች። እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን መጻፍ ቀርቶ ማንበብም አልችልም ነበር። ስለዚህ ልጄን «ሸርጣኑን እኔ አመጣለሁ፣ አንቺ እርሳስሽን ቅረጪ» አልኳት።

ዕቃ ልጭን ስወጣና ስገባ የሞዛምቢኳን ሴት በየጊዜው አያታለሁ። በእርጥብ ጆንያ ውስጥ በሕይወት ያሉ ትልልቅ ሸርጣኖች ከማፑቶ በአውቶቡስ ይመጡላታል፤ መቆንጠጫቸው በሲባጎ ታስሯል። ከየት ነው የሚያዙት ብዬ ጠየቅኳት። «ከጭቃው፣ ከዛፎቹ ሥር» አለችኝ። አንድ ጠንካራ መረጥኩ።

«ማይ ፍሬንድ፣ እናንተ ይህን አትበሉም» አለችኝ።

«ልጄ ልታየው ነው።»

«ልታየው?» ሳቀችና ለጎረቤቷ በቋንቋቸው ነገረቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ቢሆንም የሚያስፈልገውን ሁሉ ነገረችኝ። በውሃ አትሸፍነው፣ ይታፈናል። ጥቂት ጨዋማ ውሃ አድርግለት፣ ጎን ለጎን ደረቅ ቦታ ይኑረው፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ጣልበት። ሲባጎውን አትፍታ። ስታነሳው ከኋላው ያዘው።

ባለቤቴ ሳፋ ውስጥ ስታየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው ርኩስ አይደለም እንዴ? ቤቴ ውስጥ?»

«አይበላም ተባለ እንጂ አይታይም አልተባለም» አልኳት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ሁለት ክፍል ነው ያለን። አንዱ ውስጥ እንተኛለን፣ ሌላው ሳሎን ነው። ሳፋውን ሳሎኑ ጥግ፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጥነው። ልጄ ቅዳሜ ጀመረች። ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መቼ ወደ ውሃው እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ መብራት ሲበራ ምን እንደሚያደርግ ትጽፋለች። እንዲህ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም። አብሬያት ቁጭ ብዬ አየሁት። ዓይኖቹ በአጭር ዘንግ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሰው ሲጠጋው አጥፎ ይከታቸዋል። አፉ ላይ አረፋ ይነፋል። አስቀያሚ ነው የሚሉት ሰዎች ደህና አድርገው አላዩትም።

እሑድ ኅብረቱ መጣ። ስለ ሸርጣኑ ለማንም አልተናገርኩም፤ በቤቴ ስላለ ነገር ሪፖርት የማቀርብበት ምክንያት አልነበረኝም። መዝሙር አለቀ፣ ጸሎት ተጀመረ፣ ድምፅ ከፍ አለ። ጸሎቱ ረገብ ባለበት መሐል ከመጋረጃው ጀርባ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። የባለቤቴ አጎት እጃቸውን አነሡ።

«በዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር አለ» አሉ። «ጸልዩ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ላይ መጮህ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ወደ መጋረጃው ቀረቡ። «ውጣ» አሉ። ቋ፣ ቋ። «ውጣ አልኩህ።» ጆንያው ጫፉ ከሳፋው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ኖሮ፣ ሸርጣኑ በእሱ ላይ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያም ከመጋረጃው ሥር፣ መቆንጠጫው እንደታሰረ፣ በጎኑ እየሄደ ወደ ጉባኤው ወጣ።

ሁለት እህቶች ሶፋው ላይ ወጡ። አንዱ ወንድም ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ልጄ ሳቀች። አፏን በእጇ ብትይዝም አመለጣት።

ሸርጣኑን ከኋላው ይዤ አነሳሁት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ አጎቷ።

«ሸርጣን ነው ጋሼ። የልጅቷ የትምህርት ቤት ሥራ ነው።»

«ጋሼ፣ ሲታዘዝ ወጥቷል፣ መቼም ታዛዥ ነው» አለ ቀልደኛው ወንድም። ማንም አልሳቀለትም።

አጎቷ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «የሚጸለይበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይቀመጣል? አሁኑኑ አውጥተህ ጣለው። ልጅቷም ይቅርታ ትጠይቅ።»

ስለ ሳቋ ትክክል ነበሩ። ልጅ ሽማግሌ ሲጸልይ አትስቅም። «ተነሺ፣ ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አልኳት፤ ጠየቀች። «ሸርጣኑን ግን አልጥለውም። ሥራዋ ዓርብ ያልቃል።»

«እንግዲህ ወይ እኔ ወይ እሱ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን ከሸርጣን ጋር አላወዳድርም። ዓርብ ያልቃል ነው ያልኩት።»

ሻርፓቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሁሉም ተከትሏቸው ወጣ። ከሕግ በታች አይደለንም ብለን ዓመቱን ሙሉ እንሰብካለን፤ አንድ ሸርጣን ወለል ላይ ሲሄድ ሲያዩ ግን ወደ ሕጉ ሮጠው ይመለሳሉ።

ረቡዕ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች አሌክሳንድራ ሱቄ ድረስ መጡ፤ ቀልደኛው ወንድም አንዱ ነበር። በዱቄትና በዘይት መሐል ቆመው አነጋገሩኝ። ሸርጣኑ ዛሬ ይጣል፣ እኔም የአጎቷን ጉልበት ልሳም አሉኝ። እምቢ ካልኩ ኅብረቱ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ የዕቃ ግዢውም ይለያያል። ከጅምላ ቤት ዕቃ የምንገዛው የኅብረቱ ሰዎች ስድስት ሱቆች ሆነን በጋራ ነበር፤ የሚጭነው የእኔ ባኪ፣ ፒካፕ መኪናዬ፣ ነው፤ ነዳጁን እንካፈላለን።

«ባኪው የእኔ ነው» አልኩ።

«እናውቃለን። እኛም መኪና እንከራያለን» አለ ቀልደኛው። «ወንድሜ፣ ለሸርጣን ብለህ? በግ እንኳ ቢሆን ይገባኝ ነበር።»

«ለልጄ ነው።»

ማታ ልጄ ሰምታ ኖሮ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «አባዬ፣ እስካሁን ያየሁት ይበቃኛል። ነገ እንመልሰው። እማዬ አለቀሰች።»

«ስንት ቀን ይቀርሻል?»

«ሁለት።»

«ሁለት ቀን ከቀረሽ አልበቃሽም። ማም ከባሕር አወጣችሽ፣ አሁን ደግሞ እነ ጋሼ ከሳፋ ሊያወጡሽ ነው። ነገ የሆነ ሰው ከሌላ ነገር ያወጣሻል። ተቀመጪና ጨርሺ።»

«እማዬስ?»

«የእማዬ ነገር የእኔ ነው።»

የባለቤቴ ነገር ቀላል አልነበረም። ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። «አጎቷን በሸርጣን ለወጠቻቸው ይሉኛል» አለችኝ። ይበሉ አልኳት። ለብዙ ሳምንት ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም። ይህንንም አልደብቅም፤ ቤቴ ቀዝቅዞ ነበር።

ልጄ እስከ ዓርብ ጨረሰች። ያገኘችው ነገር ይህ ነው፦ ሸርጣኑ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ወጥቶ እርጥቡ ጆንያ ሥር ይሆናል፤ ወደ ውሃው ገብቶ ገላውን አርሶ ይመለሳል። ውሃም የብስም ለብቻው አይበቃውም። መምህርቷ ከመቶ ሰባ ሁለት ሰጠቻት። ከዚያ በላይ ጠብቄ ነበር። ግን በክፍሉ ፊት ቆማ እንድታነብ አደረገቻት፤ እርግብ የመረጡትም ጥያቄ ጠየቋት።

ሸርጣኑን ለሞዛምቢኳ ሴት አብረን መለስነው። «አሁን ሰው ይበላዋል?» ብላ ሴትዮዋን ጠየቀቻት። «አዎ፣ ልጄ» አለቻት ሴትዮዋ። ልጄ ሸርጣኑን አንዴ ዞራ አየችው። እኔም ማባበያ አልፈለግኩላት፤ እውነቱ ያ ነውና።

ከሦስት ወር በኋላ የመኪና ኪራይ የመረራቸው ባለሱቆች ለዕርቅ አስቀመጡን። አጎቷ ቀድመው «እኔም ያን ቀን አፍሬ ነው የተቆጣሁት» አሉ። ይህን ማለት ለሳቸው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አከበርኳቸው።

«አንተስ?» አሉኝ።

«ስለ ሳቋ ይቅርታ ጠይቃለች። ስለ ሸርጣኑ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላገኘሁም። ዛሬም ቢሆን አስቀምጠው ነበር።»

«አሁንም ግትር ነህ።»

«አዎ ጋሼ።»

ባለቤቴ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ እሳቸው ተከተሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ፤ ስለ ዕድሜያቸው ነው የሳምኩት። ከዚያ እንደ ወጉ ጉዳት ተሰላ። እነሱ ለመኪና ኪራይ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አውጥተዋል፤ እኔ ባዶ ባኪ እየነዳሁ በነዳጅ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ከስሬያለሁ። ቀልደኛው ወንድም ሸርጣኑም ይቆጠር አለ፤ ሁለት መቶ አርባ ብዬ ነገርኩት፣ ጻፈው። ሁላችንንም ያስወጣን አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ራንድ ነው።