የሳሊሀ አሥራ አምስት ደቂቃ

ሳሊሀ ከማለዲን ለሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ጽፋለች። የምትሠራው ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ውስጥ ነው። መኪና ጭኖ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ሾፌሩ የመንገድ ደብዳቤ ይይዛል። የመኪናው ሰሌዳ፣ የጭነቱ ዓይነት፣ መነሻና መድረሻው፣ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ኬላ ላይ ሲጠየቅ የሚያሳየው እሱን ነው። ጠረጴዛዋ በሩ አጠገብ ስለሆነ ሾፌሮች እሷን ሳያልፉ የትም አይገቡም። ወረቀቱ እስኪያልቅ ፊት ለፊቷ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና አፋር እንዴት እንደሞቀ፣ የደሴ መንገድ የት ላይ እንደተናደ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ ያወሯታል። ሳሊሀ ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙ አልሄደችም። ሆኖም ሚሌ ላይ ሩዝ የሚያሳርረው ምግብ ቤት የትኛው እንደሆነ ታውቃለች።

ባሏን ያሲርንም ያገኘችው እዚያው ነው። ያኔ በታይፕ መኪና ነበር የሚጻፈው። አንድ ቀን ከፈረንጅ ደረሰኝ ላይ 31/10 የሚለውን ስትገለብጥ «ሰኔ 31» ብላ ጻፈች። መኪናው ኬላ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ሾፌሩ ሲመለስ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና፣

«እመቤት፣ ሠላሳ አንድ ቀን ያለው ሰኔ የት አገር ነው? እዚያ ልሄድ ነበር» አላት።

በዓመቱ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ በቀን ተሳስታ አታውቅም፤ ያሲር ግን ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን በቀን ጉዳይ አያምናትም። የመድኃኒት ብልቃጥም ሆነ የመብራት ቢል፣ እጇ የገባ ወረቀት ሁሉ ቀኑ በያሲር መታየት አለበት።

ባለፈው ጥቅምት ማኅበሩ አዲስ የጽሑፍ ፕሮግራም አስገባ። ድሮ ከላይ ፋይል፣ ኢንሰርት እያለ በቃል ተጽፎ የነበረው ጠፍቶ በምትኩ ትንንሽ ሥዕሎች ተደረደሩ። ደብዳቤው ኮምፒውተሩ ውስጥ አይቀመጥም፤ በኢንተርኔት፣ በይለፍ ቃል ይከፈታል። የሴቭ ምልክት የለውም። ሳሊሀ መብራት በሄደ ቁጥር ገጽ ስታጣ የኖረች ሰው ስለሆነች ግራ እጇ በየመስመሩ መጨረሻ ሴቭ ማድረግን ለምዷል። አዲሱ ፕሮግራም እጇ ያንን በነካ ቁጥር «አያስፈልግም፣ እኔ አስቀምጫለሁ» የሚል መልእክት ያወጣላታል። ታነበዋለች፤ አታምነውም፤ ደግማ ትነካለች። ድሮ በአምስት ደቂቃ የምትጨርሰው ደብዳቤ አርባ ደቂቃ ፈጀባት። አግዳሚው ላይ የሾፌሮች ሰልፍ በዛ።

ኅዳር 4 ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ጋሮማ የቢሮውን አራት ጸሐፊዎች ሰበሰበ። ከሳሊሀ በአሥራ ስምንት ዓመት ያንሳል፤ ሲያናግራት ሁልጊዜ ከወንበሩ ይነሣል።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 25 ሐሙስ ፈተና አለ» አለ። «አንድ የመንገድ ደብዳቤ ነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ያለፈ ቦታው ላይ ይቀጥላል። ያላለፈ መዝገብ ቤት ይዛወራል። ደመወዝ አይነካም፣ ወይዘሮ ሳሊሀ፤ እሱን አያስቡ።»

ሳሊሀ ያሰበችው ደመወዙን አልነበረም። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ሾፌርም አይወርድም። እዚያ ያለው ፍቅረማርያም ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከፋይል ጋር ብቻውን የኖረ ሰው። በማግሥቱ ደረጃው ላይ አገኛት።

«ሳሊሀ፣ ወንበርሽን እየወለወልኩልሽ ነው።»

«የራስህን ወልውል።»

«የኔንማ አቧራው ራሱ ለብሶት ይኖራል፤ ከአቧራው ጋር ተላምደናል። አንቺ ግን ታስነጥሺያለሽ።»

ለጡረታ የቀራት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው። እነዚህን ወራት ከበሩ አጠገብ ልትጨርሳቸው ፈለገች። ቢሮ ውስጥ መለማመጃ ጊዜ ስላልነበረ ቤት ልትለማመድ ወሰነች፤ ይለፍ ቃሉ ከየትም ይሠራል ተብሏል።

ቤቷ ኮተቤ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ልጇ ተቅዋ ዩኒቨርሲቲ ሳለች የተገዛ ኮምፒውተር አለ። ተቅዋ አግብታ ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ ሳሊሀ የሰፈር ሰው የሠርግ መጥሪያና ማመልከቻ ስትጽፍበት ኖራለች። ኢንተርኔት ገብቶበት አያውቅም። አሁን ከስልኳ ኢንተርኔት አገናኘችውና የማኅበሩን ገጽ ልትከፍት ሞከረች። አልተከፈተም። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ምልክት መጣ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አራት ከሃያ። የኮምፒውተሩን አየች፤ አራት ከሃያ። ቅጥፈት ነው ብላ ዘጋችው።

ኮምፒውተሩን በላዳ ጭና መገናኛ ወሰደችው። ማቲዎስ የሚባል ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ ከደረጃ ሥር ሆኖ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። በሁለት ቀኑ ደወለላት።

«ማዘር፣ እንደ አዲስ ሆኗል። የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ። ገጹም ይከፈታል፤ ይኸው እያየሁት ነው።»

ስትደርስ እሷም አየችው። ተከፍቷል። ወደ ቤት መለሰችው፤ አንድ ምሽት ሠራ። በማግሥቱ ያው ቀይ ምልክት። መልሳ ወሰደችው።

«ማዘር፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል!»

«እኔ አንተ ጋ አልኖርም፣ ማቲዎስ።»

ማቲዎስ አራት ቀን አቆየው። ውስጡን ጠራርጎ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ጫነበት፤ ባትሪውንም በድጋሚ ቀየረው። «የገበያ ባትሪ ተጫውቶብኛል፤ ሰዓቱ እንደገና ተዛብቶ ነው ያገኘሁት» አለ። ሱቁ ውስጥ ሠራ። ቤት ሲገባ ሁለት ምሽት ሠርቶ ቆመ። ያሲር ከሶፋው ላይ ሆኖ አስተያየት ሰጠ።

«ይሄ ነገር እንደ ድሮው ፊያት ነው። ጋራዥ ሲያይ ይድናል፣ ዳገት ሲያይ ይታመማል።»

«ዝም በል፣ ያሲር።»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ከሥራ እየሸሸ ነው።»

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሳሊሀ ቀዩን ምልክት እያየች ተቀምጣ ነበር። እጇ ማውዙ ላይ ነው፤ ምንም አትሠራም። ቀስቱ ወደ ታች ተንሸራቶ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ቆመ። ትንሽ ሳጥን ወጣች፤ የዕለቱ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል። ረቡዕ ይላል።

ሳሊሀ ለሠላሳ አንድ ዓመት ቀን ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ቁጥሩን አየችው፤ 21፣ 3፣ 2018። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ዕለቱ ግን ረቡዕ አይደለም።

«ያሲር፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«እሑድ።»

«ይሄ ረቡዕ ይላል።»

«እሱ ዕለት ላይ ሁሌም ይቀላምዳል» አለ ያሲር ጋዜጣውን ሳያወርድ። «ቁጥሩን አስተካክላለሁ፣ ዕለቱ እምቢ ይለኛል።»

ሳሊሀ ወንበሯን አዞረች።

«የምታስተካክለው አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን? ተቅዋ ካገባች ጀምሮ ማን ያየዋል? አነካኩን ያሳየችኝ እሷ ናት።» አሁን ጋዜጣውን አወረደ። «ያ መገናኛ ያለው ልጅማ ሰዓት አያውቅም። በወሰደው ቁጥር 2025 አድርጎ ነው የሚመልስልሽ። ረፋዱን ማታ አድርጎ! እኔ ዝም ብዬ አስተካክላለሁ። ደብዳቤሽ ላይ የሌለ ዓመት እንዳይገባ ብዬ ነው። አንዴ ሰኔ 31 ያልሽ ሴት...»

ሳሊሀ ስልኳን አንሥታ ማቲዎስ ጋ ደወለች፤ ያሲርም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀችው። የሆነውን ነገረችው። ከወዲያ ሳቅ መጣ።

«ማዘር፣ ሁለቴ ባትሪ ቀየርኩ እኮ! ለካ መቀየር የነበረባቸው ፋዘር ናቸው።»

«ማነው የሚቀየረው?» አለ ያሲር ከሶፋው።

«አይ ፋዘር፣ አክብሬዎት ነው። ኮምፒውተሩ 2018ን በፈረንጅ ነው የሚያነበው፤ ገጹ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መልሰውት ‹ለምን አታውቀኝም› ይሉታል፤ ከየት ይወቅዎት?»

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ 2025 የሚል ወረቀት የተቀበለኝ ኬላ የለም።»

«ይሄኛው ኬላ ግን ሌላ አይቀበልም፣ ፋዘር።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያሲር ጋዜጣውን ማጠፍ ጀመረ። ሳሊሀ ቀኑን ቆጠረች። ከሦስቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን አልፏል። መጮህ ትችል ነበር። የባሏን እጆች አየች። ጋዜጣውን ለአራት አጥፈው፣ ለስምንት አጥፈው፣ ከዚያ ወዲያ ማጠፍ አቅቷቸው ነበር።

«ና» አለችው። «አንተው አስተካክለው።»

መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

«በነሱ ዛሬ ስንት ነው?»

«ኖቬምበር ሠላሳ።»

«ሰዓቱንስ?»

«ስድስት ጨምርበት።»

«ያረብ! ሰው ቤቱ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት ይጨመርበታል?» አለ፤ ግን ጨመረ። ገጹ ተከፈተ።

ከእሑድ እስከ ረቡዕ ተለማመዱ። ያሲር ሾፌር ሆነ። ከአጠገቧ ሆኖ ሰሌዳ፣ ጭነትና መድረሻ ይጠራል፤ በስልኩ ደቂቃ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሰኞ ሃያ አምስት። ያሲር ሲሰለቸው ጭነቱን ያበላሸዋል።

«ጭነት፣ ዝሆን። ሁለት። ከነልጃቸው።»

«ያሲር!»

«ጻፊ፤ ፈታኙ ምን እንደሚያመጣ በምን ታውቂያለሽ?»

ረቡዕ ማታ አሥራ ሦስት ደቂቃ ገባ። ያሲር ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየውና ለተቅዋ ደውሎ ነገራት። የሰዓቱን ነገር ግን አልነገራትም።

ሐሙስ ጠዋት የእንጦጦ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም ነበር። ፕሮግራሙን የሸጠው ድርጅት ናዲያ የምትባል አሠልጣኝ ልኳል። አራቱ ጸሐፊዎች ተቀመጡ፤ ወረቀት ታደለ። ከቃሊቲ ኮምቦልቻ፣ ሲሚንቶ፣ አራት መቶ ኩንታል። ሳሊሀ ገጹን ከፈተችና እጇ ቆመ። ለማተም የምትነካው ሥዕል ቦታው ላይ የለም። ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ቀለሙም ተቀይሯል።

«ትናንት እዚህ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ናዲያ ጎንበስ አለችላት። «እትዬ ሳሊሀ፣ ዛሬ ጠዋት ራሱን አድሷል። ይቅርታ፣ በፈተና ሰዓት መርዳት አይፈቀድልኝም።»

ሳሊሀ ደብዳቤውን ጻፈች። ከዚያ ሥዕሎቹን ከዳር ጀምራ አንድ በአንድ ቀስቱን እያሳረፈች ስማቸውን አነበበች። አሥራ አንደኛው ነበር። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሞልቷል።

ከሂሳብ ክፍል ያለችው አስያ በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨርሳለች። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ሃያ አራት ፈጀበት፤ ሌላው መሀል ላይ ተወው። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የጨረሰችው አስያ ብቻ ሆነች።

አቶ ጋሮማ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ፍቅረማርያም ያለውን ቢሮው ሁሉ በሰዓቱ ሰምቶታል፦ «አቶ ጋሮማ፣ ሦስት ሰው? እዚህ ፋይሎቹ እንኳ ተራ ጠብቀው ነው የሚተነፍሱት።»

ዓርብ ጠዋት ሳሊሀን ጠራት። ከወንበሩ ተነሣ።

«ሁለት ደቂቃ አልፈዋል፣ ወይዘሮ ሳሊሀ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለቱ ወንዶች ይወርዳሉ። እርስዎ ለስድስት ወር በቦታዎ ይቆዩ። ግንቦት ላይ እንደገና እንፈትናለን፤ ያኔም አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«እሺ» አለች።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ረቡዕ ዕለት፣ ማንም ሳያያት፣ መሳቢያዋን አራግፋ ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ነበር። አሁን ፈታችው። መቀሱን አወጣች። ወረቀት ስትቆጥር ጣቷን የምታረጥብበትን ስፖንጅ አወጣች። ስቴፕለሩን አወጣች። ለምድር ቤቱ ብርድ ብላ የያዘችውን ሹራብና የተቅዋን ፎቶ ግን አላወጣችም። ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችና በእግሯ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር አስገባችው።

በሩ ላይ ዋቅጅራ ቆሟል፣ የሻሸመኔ መስመር ሾፌር። የመኪናው ሞተር ከታች ይሰማል።

«ሳሊሀ፣ ማዳበሪያ ነው፣ ሦስት መቶ ሃምሳ። ቸኩያለሁ።»

«እኔ አልቸኮልኩም» አለችው። «ተቀመጥ።»